ባለሙያዋ ምጣድ ስትቀይር

እንጀራ የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጀርባውን ነው። ገልብጦ ወደ ብርሃን ያዞረዋል። የፊቱ ዓይን በቀላሉ ያማልላል፤ ጀርባው ግን የሆነውን ሁሉ ይናገራል። ልሙጥ ከሆነ፣ የቃጠሎ ነጥብ ከሌለበት፣ የዳሩ መልክ ከመሀሉ ካልተለየ፣ እሳቱም ምጣዱም ለአንድ እጅ እንደታዘዙ ይታወቃል። ቀጥሎ በሁለት ጣት ዳሩን ያነሳል፤ ሳይቀደድ ከተንጠለጠለ፣ ሲታጠፍም ካልተሰነጠቀ ሊጡ በወጉ ቦክቷል። ዓይኑን የሚቆጥረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ቁይ ውስጥ እንዲህ ያለ እንጀራ ብርቅ አይደለም። እኔ ግን ላነሳት የፈለግሁት ከዚያው ከቁይ ወጥታ ለንደን ወይም ዋሽንግተን የገባችውን ጋጋሪ ነው። ስለ እሷ እንጀራ ብዙ ጊዜ የሚሰማው አንድ ፍርድ ብቻ ነው፦ «እንደ አገር ቤቱ አይደለም።» ይህ ፍርድ ሁልጊዜ ያናድደኛል። ምን እንደ ቀየረች፣ ምን ሳትለቅ እንደያዘች፣ ምን ከራሷ እንደ ጨመረች ሳያይ የሚፈርድ ሰው ፍርድ ነውና። ሰው አገር ሲቀይር ፈጥኖ የሚጎረብጠው ምግቡና ቡናው ነው። አሜሪካዊ እንኳ፣ ቋንቋው ሳይለወጥበት፣ እንግሊዝ አገር ሲኖር ዱቄቱን፣ ቅቤውንና ቡናውን እንደ አዲስ ይለምዳል። የቁይዋ ልጅ በዚህ ሁሉ ላይ እሳቱንም ውሃውንም ትለምዳለች። ስለዚህ ሥራዋን ለማየት ከምንጩ መጀመር ያስፈልጋል።

ቁይ የምሥራቅ ጎጃም ዞን የደባይ ጥላትግን ወረዳ መቀመጫ ናት፤ ዙሪያዋ የጤፍ አገር ነው። የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ ነው፤ 1,000 ፍሬ ተቆጥሮ ቢመዘን ግማሽ ግራም አይሞላም። ለዚህ ነው ገበሬው ማሳውን ደጋግሞ አርሶ የሚያለሰልሰው፣ ከመዝራቱ በፊትም በከብት የሚያስረግጠው፤ ጓል ሥር የገባ ዘር አይወጣም። ሐምሌ ላይ የተዘራው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይታጨዳል። ተወቅቶ ቤት ሲገባ የሴቷ ሥራ ይጀምራል፦ ማበጠር፣ ማንገዋለል፣ መንፋት። ሰፌድ ላይ ጤፉን እያሽከረከረች አሸዋውን ወደ አንድ ጥግ የምትሰበስብ እጅ ማየት ደስ ይላል። አሸዋው ከፍሬው እምብዛም አይተልቅም፤ የሚለየው በክብደቱ ነው፤ ያን የምታውቀው ደግሞ ከዓይኗ ይልቅ በእጇ አንጓ ነው። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቁንጮ የተባለ ነጭ ጤፍ በብዙ ማሳ ገብቷል፤ የሰፌዱን ሥራ ግን አላስቀረውም።

ሊጡ ሲቦካ ካለፈው ቡሆ የተረፈው ቢጫ እርሾ ይጨመርበታል። ደጋ ነውና ጊዜ ይወስዳል፤ ቆላ ላይ ቶሎ የሚደርሰው ሊጥ እዚህ ቀናት ይፈልጋል። ባለሙያዋ ግን ቀን አትቆጥርም። ክዳኑን ከፍታ ታሸታለች፤ ከላይ የጠለለውን ውሃ መልክ ታያለች። ቶሎ ከተጋገረ አፍለኛ ይሆናል፣ ወፈር ብሎ ጣፈጥ ይላል። ከዘገየ ኮምጣጣ ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለችው ሰዓት ጠባብ ናት፤ እሷን መያዝ ነው ሙያው።

ከዚያ አብሲት አለ። ከቦካው ሊጥ ጥቂት ይወሰድና በውሃ ቀጥኖ እሳት ላይ እየተማሰለ ይፈላል፤ በረድ ሲል ወደ ሊጡ ይመለሳል። ብዙ ሰው እንደ ተራ ልማድ የሚያልፈው ይህ ሥራ እኔን ከሁሉ በላይ ያስደንቀኛል። ስንዴ ግሉተን የሚባል ተለጣጭ ነገር አለው፤ እርሾው የሚያወጣውን አየር አቅፎ የሚይዘው እሱ ነው፤ ዳቦ የሚነፋውም በእሱ ነው። ጤፍ ግሉተን የለውም። የጤፍ ስታርች ግን ከ68 እስከ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ሲያገኝ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይወፍራል። ይህ የበሰለ ጥቂት ሊጥ ተመልሶ ሲገባ ጠቅላላውን ያያይዘዋል፣ አረፋውን እንዳያመልጥ ይይዘዋል፣ እርሾውንም ይቀሰቅሰዋል። ሊጡ ወዲያው ኩፍ ማለት ይጀምራል። አየር የመያዝ አቅም የሌለውን እህል አየር እንዲይዝ ያደረጉት እናቶች ናቸው፤ ያውም ላቦራቶሪ ሳያዩ፣ ቴርሞሜትር ሳይነኩ። አብሲቱ ከበዛ እንጀራው ይሙለጨለጫል፤ ካነሰ ዓይኑ ይጠፋል። መጠኑን የሚናገር ጽሑፍ የትም ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አላየሁም፤ ልጅቱ እናቷ አጠገብ ቆማ ነው የምትወስደው።

ምጣዱ ደግሞ ከገበያ እንደመጣ አይጋገርበትም፤ ይሟሻል። እየጋለ ጎመን ዘር ደጋግሞ ይታሽበታል፤ ቅባቱ ወደ ሸክላው ሰርጎ ፊቱ ጠቁሮ እስኪለሰልስ ድረስ። ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከሥሩ ኩበት፣ እንጨት፣ ቅጠልም ይነዳል። ችግሩ የኩበትና የእንጨት እሳት እኩል አለመሆኑ ነው፤ መሀሉ ሲንቀለቀል ዳሩ ይቀዘቅዛል፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ነበልባሉ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል። ባለሙያዋ ማገዶውን ወደ ጎን እየገፋች፣ አመዱን እየዛቀች፣ እሳቱን ከምጣዱ ቅርጽ ጋር ታስማማዋለች። መጋሉን የምታረጋግጠው በጎመን ዘሩ ነው። የተወቀጠውን በማሰሻ ስታዳርስ ወፍራም ጢስ ካወጣ ከልክ በላይ ግሏል፤ ምንም ካላለ ገና ነው፤ ስስ ሽታ ሰጥቶ ፊቱ ካብለጨለጨ ደርሷል።

አሁን ሊጡን በጣሳ ቀድታ ከዳር ትጀምራለች። ክንዷ ሳያቋርጥ እየዞረ ወደ መሀል ይገባል፤ የሊጡ መስመር ካለፈው መስመር ጋር እየተነካካ ይዋሃዳል። እዚህ ላይ እጇን ብቻ እዩ። ከፍ ካደረገችው ሊጡ ይረጫል፤ ዝቅ ካደረገችው ይከመራል፤ ከዘገየች የጀመረችበት ዳር በስሎ የጨረሰችበት መሀል ጥሬ ይሆናል። ክፍተት ከቀረ በጠብታ ትደፍነዋለች፤ ስትደፍን ግን ጠባሳው ጀርባው ላይ ይታያል፣ የሚያውቅ ሰው ገልብጦ የሚፈልገውም እሱን ነው።

ከዚያ ቆም ትላለች። ከሥር የተነሣው እንፋሎትና አየር መንገዱን እየበሳ ወደ ላይ ይወጣል፤ የወጣበት ሁሉ ዓይን ይሆናል። አክንባሎውን ፈጥና ከደፋችው እንፋሎቱ ፊቱ ላይ ተመልሶ ዓይኑን ይደፍናል፤ ከዘገየች ፊቱ ይደርቃል። ልኩ የእርጥብ ሊጥ ብልጭታ ጠፍቶ ዓይኑ እስከ መሀል ሲዳረስ ነው። ከዚያ ክዳን፣ ዙሪያውን ጨርቅ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ። ዳሩ ራሱን ከምጣዱ ሲያላቅቅ ከስንደዶና ከአክርማ የተሰፋው ሰፌድ ከሥሩ ይገባና እንጀራው በአንድ ስበት ይወጣል። በዚያች ቅጽበት እጇ ካመነታ እንጀራው ይታጠፋል፤ የታጠፈ ትኩስ እንጀራ ደግሞ ተጣብቆ አይከፈትም።

ደብረ ማርቆስና አዲስ አበባ ስትገባ የመጀመሪያውን ምጣድ ትቀይራለች። የኤሌክትሪክ ምጣድም ሸክላ ነው፤ ከሥሩ በተቦረቦረለት መስመር የሚግል ሽቦ ይነጠፍበታል። እሳቱ ዙሪያውን እኩል ነው፣ ጢስ የለም፣ ዓይኗ አያለቅስም። ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው፤ ኩበት ይሻላል ብሎ የሚከራከረኝ ሰው ማገዶ ተሸክሞ አያውቅም። የሚጎድላት ነገር አለ፦ እሳቱን ገፍታ ማስተካከል አትችልም። ምጣዱ ከልክ በላይ ሲግል ማጥፋት፣ ሲበርድ ማብራት ብቻ ነው። ያን ጊዜ ሙያዋ ከማገዶ ወደ ጊዜ ይዞራል፤ በሁለት እንጀራ መካከል ምን ያህል መቆየት እንዳለባት ትማራለች።

ባሕር ማዶ ስትሻገር የእንጀራዋን ስፋት የሚወስነው የቤቱ ግድግዳ ይሆናል። ይህን ስናገር አላጋነንኩም። የኢትዮጵያ የቤት ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይጠጣል። የእንግሊዝ ሶኬት በ230 ቮልት 13 አምፔር ስለሚሸከም ወደ 3,000 ዋት ይሰጣል፤ ለጥቂት ያንሳል። የአሜሪካ ተራ ሶኬት ግን 120 ቮልት በ15 አምፔር ነው፤ ቢበዛ 1,800 ዋት። በዚህ ኃይል 60 ሳንቲ ሜትር ሸክላ በወጉ አይግልም። የአሜሪካ ኢትዮጵያውያን መላ ያገኙት ካልተጠበቀ ቦታ ነው። ከኖርዌይ የፈለሱ አሜሪካውያን ለፍሰ የሚሉትን የድንች ቂጣ የሚጋግሩበት፣ ቤታኒ የተባለ ኩባንያ የሚሠራው ክብ የአሉሚኒየም መጋገሪያ አለ። ስፋቱ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከግድግዳው አቅም ጋር ይስማማል፤ ሙቀቱም በቁልፍ ይመረጣል። ያ የኖርዌጅያኖች መጋገሪያ በብዙ ኢትዮጵያዊ ቤት ምጣድ ሆነ፤ በኋላም እንጀራ ታስቦባቸው የተሠሩ የዚያው ስፋት ምጣዶች መጡ።

አሉሚኒየም ግን ሸክላ አይደለም። ሸክላ ሙቀት ያጠራቅማል፤ ሊጥ ሲፈስበት አይደነግጥም፣ የያዘውን ቀስ እያለ ይሰጣል። ቀጭን ብረት ቀዝቃዛ ሊጥ ሲያርፍበት ወዲያው ይበርዳል፤ መልሶም ቶሎ ይግላል። ስለዚህ የቁይዋ ጋጋሪ ሊጡን እንደ ለመደችው ካሳረፈች ዓይኑ ዳር ዳሩን ብቻ ይወጣና መሀሉ ይለመጣል። ያየኋቸው ባለሙያዎች ይህን በየራሳቸው መንገድ ፈትተውታል። አንዷ ሊጡን ቀደም ብላ ከቀዝቃዛ ቦታ አውጥታ ለብ ታደርገዋለች። ሌላዋ የመጋገሪያው መብራት ጠፍቶ እንደገና እስኪበራ ጠብቃ ነው የምታፈሰው፤ የብረቱን ትንፋሽ አጥንታዋለች። ማሰሻውን የተወች አለች፣ የማይጣበቅ ፊት ያለው ብረት አያስፈልገውምና፤ የእንጀራው ጀርባ ሽታ ናፍቋት ጎመን ዘር የምታዳርስም አለች። የክንዷ ዙር ደግሞ ያጥራል። ለ60 ሳንቲ ሜትር የተማረው ክንድ በ40 ላይ ሲዞር ፍጥነቱን መቀነስ አለበት፤ ይህ ሲነገር ቀላል ነው፣ ዕድሜውን ሙሉ አንድ ዙር የለመደ ክንድ ግን በቃል ትእዛዝ አይታጠፍም። እናቷ በስልክ መስኮት ይህን እንጀራ ስታይ «ይቺማ እንጎቻ ናት» ብትል አልፈርድባትም፤ ለልጆች የሚጋገረውን ትንሹን እንጀራ ያህላል። ነገር ግን ገልብጡት። ጀርባው ልሙጥ ከሆነ ቁይ ላይ የተማረችውን አልጣለችም።

ዱቄቱ ሌላው ፈተና ነበር። ማማ ደስታ የተባለው ምግብ ቤት በ1978 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ውስጥ ሲከፈት ጤፍ በአሜሪካ ገበያ እንደ ልብ የሚገኝ አልነበረም። የዚያ ዘመን ስደተኛ ሰልፍ ራይዚንግ የሚሉትን ስንዴ ዱቄት፣ ገብስ፣ ሩዝ፣ በቆሎ እያደባለቀ፣ አረፋ ያለው የጠርሙስ ውሃ እየጨመረ ዓይን ያወጣ ነበር። ይህን እንጀራ የሚንቅ ብዙ ነው። እኔ አልንቀውም። ስንዴው ግሉተን ስላለው ሊጡ ይለጠጣል፣ እንጀራው ትኩስ ሲሆን ያምራል፤ ሲቀዘቅዝ ግን ይጠነክራል፣ እንደ ጤፉ ሦስት ቀን አይቆይም። ባለሙያዋ ይህን ስላወቀች የምትጋግረው የቀኑን ያህል ብቻ ነበር። ድብልቁንም በየጊዜው ታስተካክለው ነበር፤ ገብስ ስትጨምር ለስላሳነቱ ይመለሳል፣ ሩዝ ስታበዛ ይሰባበራል። በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራው አሜሪካዊ ዌይን ካርልሰን አገሩ ተመልሶ በ1980ዎቹ በአይዳሆ ጤፍ መዝራት ሲጀምር ነገሩ ቀለለ። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2006 እ.ኤ.አ. የጤፍ እህልና ዱቄት ወደ ውጭ እንዳይወጣ ሲከለክል፣ የተጋገረ እንጀራ ግን በአውሮፕላን መጓዙን ቀጠለ። የአይዳሆ ጤፍ ጥሩ ጤፍ ነው። ዱቄቱ ግን ወፍጮው ሌላ፣ ድርቀቱ ሌላ ነው፤ ውሃውን እንደ ቁይ ልክ ካፈሰሱበት ሊጡ ይወፍራል ወይም ይቀጥናል።

ልጅ ከለንደን ስትደውል የሚሰማው ይህን ይመስላል፦

«እማ፣ ሊጡ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ዝም ብሏል።»

«ቤቱ ይበርዳል?»

«ሌሊት ማሞቂያው ይጠፋል።»

«ታዲያ አልብሺዋ! ሞቅ ካለ ቦታም አስጠጊው። ከላይ የጠለለው ምን ይመስላል?»

«ነጭ ነው።»

«ገና ነው ልጄ። ቢጫ ሳይል አብሲት እንዳትጥዪ።»

እናትየዋ ያልጠየቀችው ሰዓቱን ነው። ሙቀቱን ጠየቀች፣ መልኩን ጠየቀች። ልጅቱ በማግስቱ ቡሃቃውን እሳቱ ጠፍቶ መብራቱ ብቻ በበራ ኦቨን ውስጥ ታሳድረዋለች፤ የአምፖሉ ለብታ ይበቃዋል። ይህን እናቷ አላስተማረቻትም፤ የእናቷን ጥያቄ ይዛ ያገኘችው መልስ ነው።

ቡናው ደግሞ የራሱ ረቂቅ ነገር አለው። የጎጃም ደጋ ራሱ ቡናን የለመደው ዘግይቶ ነው። የጣና ዳሯ ዘጌ የቡና ጫካ ብትሆንም፣ እስከ 19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ድረስ በሰሜኑ ክርስቲያን አገር ቡና መጠጣት ይነወር ነበር። ዛሬ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይባል የማይውል ቤት ያን ሁሉ ሥርዓት በጥቂት ትውልድ ውስጥ የራሱ አድርጎታል።

ደብረ ማርቆስ 2,446 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ቁይም እዚያው ደጋ ላይ ነች። የዛሬ የቡና ባለሙያዎች ለጥሩ ቡና የሚመርጡት ውሃ ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ያለውን ነው። የጎጃም ጀበና ማንም ሳይለካለት እዚያው መካከል ይንተከተካል። ለንደን ከባሕር ጠለል እምብዛም ከፍ አትልም፤ ጀበና እዚያ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። ያው ቡና፣ ያው ሙቀጫ፣ ያው ቆይታ ሆኖ ይመርራል። ጠጪው «ቡናው አርጅቷል» ይላል። ጥሩ ቡና አፍይዋ ግን ቡናውን አትወቅስም፤ አረፋው አንገቱ ላይ ብቅ ሲል ጀበናውን ታወርዳለች፣ አወቃቀጧንም ሻከር ታደርገዋለች። የለንደን ውሃ ደግሞ ከኖራ ድንጋይ መሬት የሚመጣ ከባድ ውሃ ነው። በውስጡ ያለው ባይካርቦኔት የቡናውን ስስ ኮምጣጣነት ያደበዝዘዋል። እሷም አቆላሏን ቀለል ታደርጋለች፤ ቡናው ሳይጠቁር፣ ቡናማ መልኩ እኩል እንደወጣ ከምጣዱ ታወርደዋለች፤ የጠፋው ጣዕም ከፊሉ ይመለሳል። የጀበናው መቀመጫም ጣጣ ነው። ለፍም የተሠራ ክብ ሸክላ ጠፍጣፋ የመስታወት ምድጃ ላይ አይቆምም፤ ኢንዳክሽን የሚሉት ምድጃ ደግሞ ሸክላን ጨርሶ አያሞቅም። ስለዚህ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ለጀበናው ብቻ ይገዛል። ለእኔ ይህ ገንዘብ ማባከን አይደለም። ሸክላ ቡናውን ቀስ ብሎ ያበርደዋል፣ አተላውም ሲጠል ረግቶ ይቀመጣል፤ ብረት ይህን አያደርግም።

ከቁይ ወደ ባሕር ማዶ ሻንጣ ከሚገቡት ነገሮች ሁሉ የእናት እጅ ሳይለወጥ የሚደርሰው ድርቆሽ ነው። ለድርቆሽ የሚጋገር እንጀራ ሳሳ ይደረጋል፤ ከዚያ ተቆራርሶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ በየመሀሉ ይገላበጣል። ከእንጀራ ክብደት ከግማሽ የሚበልጠው ውሃ ስለሆነ ሲደርቅ እጅግ ይቀላል፤ ሳይሻግት ይቆያል። ጥላ ውስጥ የደረቀ ይኮመጥጣል፤ ከልክ ያለፈ ፀሐይ የመታው ይደቅቃል። ጥሩ ድርቆሽ ሲሰበር ቀጭ ብሎ ይሰበራል፣ ዓይኑም ክፍት እንደሆነ ይቀራል። ለንደን ላይ ለፍርፍር ወጡ ቀጠን ተደርጎ ድርቆሹ ሲጨመርበት መረቁ በዚያ ዓይን በኩል ይገባል። ጤፉ ንጹሕ ከሆነ ቁራሹ ለስልሶ ቅርጹን ይይዛል፤ ሌላ እህል ከበዛበት ወዲያው ይፈራርሳል። አብሲቱ በልኩ እንደተጣለና አክንባሎው በሰዓቱ እንደተደፋ እዚያ ድስት ውስጥ ይታወቃል።